አውድማ የሆነ ግቢ፤ የተጠቀጠቀ አፈርን ለሀገር በቀል ችግኞች መክፈት

የዛሬ ጥቂት ዓመት ሐምሌ ላይ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ወይራና አንድ ኮሶ ተከልኩ። ቦታው አያት አካባቢ ነው፤ አፈሩ ጥቁር። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ ገና ዓመት አልሞላውም። ጉድጓዱን በጥልቀት አስቆፈርኩ። ብስባሽ ሞላሁበት። ችግኞቹን አስገባሁና ደስ ብሎኝ ገባሁ። ነሐሴ ላይ ቅጠላቸው መወየብ ጀመረ። መስከረም ሲጠባ ጠወለጉ። ውሃ የጠማቸው መስሎኝ አጠጣኋቸው። ጥቅምት ላይ ሦስቱም ደረቁ።

ነቅዬ ሳያቸው ሥሮቻቸው ጠቁረዋል። የጉድጓዱ አፈር የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ቀለሙም ወደ ግራጫ ሄዷል። ከዚያ አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው፤ ዶማ እንኳ አይበሳውም። ክረምቱን ሙሉ ዘንቦበት እንዴት ይደርቃል? አንዱ ቦታ ውሃ ታቁሮ ሥር ሲያበሰብስ፣ አጠገቡ ያለው እንዴት ጠብታ ሳያስገባ ይቀራል?

የጓሮ ሥራ የሚያግዙኝ አንድ አዛውንት አሉ። ሰሜን ሸዋ ተወልደው ያደጉ፣ ብዙ ዘመን ያረሱ ሰው ናቸው። መሬቱን በተረከዛቸው መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ አውድማ ነው። አውድማ ላይ ማን ይተክላል?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ገበሬ አውድማ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ ሳሩን ከነሥሩ ያነሳል። መሬቱን በውሃ ያርሰዋል። ከብት ያስረግጠዋል። ከዚያ በእበት ይለቀልቀዋል። እህሉ ከአፈር እንዳይቀላቀል መሬቱ ድንጋይ መሆን አለበት። አሁን አንድ ቤት ሲሠራ ግቢው ላይ የሚሆነውን አስቡት። የላይኛው አፈር ተዝቆ ይጣላል። አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና ይገባል። ክረምት ከሆነ ጭቃው ላይ ይመላለሳል። ሠራተኛው ዓመት ሙሉ ይረግጠዋል። የሲሚንቶ ውሃ ይደፋበታል። አውድማው ሆነ ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ግቢው ግን ማንም ሳያስበው ነው አውድማ የሚሆነው። ውጤቱ አንድ ነው።

የአፈር ዓይን

ጥሩ አፈር ሲባል የምናስበው በእጅ የምንዘግነውን ነገር ነው። ከጤነኛ አፈር ግማሽ ያህሉ ግን ባዶ ቦታ ነው። ያ ባዶ ቦታ አንዳንዴ አየር ይይዛል፣ አንዳንዴ ውሃ።

እንጀራ ሲጋገር ዓይን ያወጣል። ወጡ በእነዚያ ዓይኖች ይገባል፣ እንጀራውም ይርሳል። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ላይ ግን ወጡ ተንሸራቶ ወደ ትሪው ዳር ይሄዳል። አፈርም እንደዚሁ ነው። ዓይን ያለው አፈር ዝናቡን ይጠጣል። የተጠቀጠቀው ግን ወደ ቦይ ይሸኘዋል።

የአፈር ዓይኖች ትልቅና ትንሽ አላቸው። በትልልቆቹ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ሲያልፍ ደግሞ አየር ይተካል። ትንንሾቹ ውሃ ይዘው ያቆያሉ። መሬት ሲረገጥ መጀመሪያ የሚጠፉት ትልልቆቹ ናቸው። ትንንሾቹ ይቀራሉ። ስለዚህ የተጠቀጠቀ አፈር ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች አሉበት። ከላይ ውሃ አያስገባም። አንዴ የገባውን ደግሞ አይለቅም። በጉድጓዱ ውስጥና ከጉድጓዱ ውጭ ያየሁት ልዩነት ይኸው ነበር። ጠንካራ ሸክላ መሀል ለስላሳ ብስባሽ የሞላው ጉድጓድ ድስት ሆነ። ዝናቡ ድስቱን ሞላው። መውጫ አልነበረውም።

ሥር ይተነፍሳል። አየር ሲያጣ ውሃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። እኔ ያኔ ባላጠጣቸው ኖሮ ምናልባት አንዱ ይተርፍ ነበር። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ቁጥር ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ወስዳችሁ ያልተነካካ ሸክላማ አፈር በውስጡ ብትቀርጹ፣ ከዚያ በደንብ አድርቃችሁ ብትመዝኑት፣ ጤነኛው 1.1 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። 1.4 ኪሎና ከዚያ በላይ ከመጣ ሥር ለማለፍ ይቸገራል። አሸዋማ አፈር በተፈጥሮው ከዚህ ይከብዳል፤ በዚህ ልክ አይለካም።

ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ ቶሎ ነው። ከባድ መኪና ደጋግሞ ከሚያልፍበት ይልቅ መጀመሪያ ያለፈበት ጊዜ ነው አብዛኛውን የሚጎዳው። በእርጥብ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ የከፋ ነው። ለጭቃ ቤት ጭቃ ሲቦካ ለምን ውሃ ተጨምሮ በእግር እንደሚረገጥ አስቡ። ውሃው አፈሩን ያላላዋል፣ እግሩ ዓይኑን ያጠፋዋል፣ ሲደርቅ ግድግዳ ይሆናል።

ውሃው የት ይሄዳል

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው።

ሸክላማ አፈር በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያሰርጋል። ሸክላ፣ ደለልና አሸዋ የተመጣጠነለት አፈር ከ10 እስከ 20 ያሰርጋል። አሁን 200 ካሬ ግቢ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። አፈሩ 5 ቢጠጣ 25 ይተርፋል። ይህ 5,000 ሊትር ነው፤ በ200 ሊትር በርሜል 25 በርሜል። ሁሉም ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ወንዝ። ታኅሣሥ ላይ ቧንቧ ሲጠፋ ግን ለአንድ ችግኝ አንድ ጆግ ውሃ እንለምናለን።

«ሀገር በቀል ነው፣ የትም ይበቅላል»

ይህን አባባል ብዙ ሰው ሲናገረው እሰማለሁ። እኔም ኮሶውን ስተክል እንደዚያ ነበር የማስበው። ግማሹ እውነት ነው። ሀገር በቀል እጽዋት ለሀገሩ ዝናብና ብርድ ተዘጋጅተው የመጡ ናቸው። ነገር ግን ኮሶ የሚያውቀው አፈር ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን የደጋ ደን አፈር ነው። እዚያ ቅጠል በቅጠል ላይ ይረግፋል፣ ትል ይቦረቡረዋል፣ የሞተ ሥር መንገድ ትቶ ይሄዳል። ሲኖትራክ የገባበትን ግቢ አያውቀውም። የተጠቀጠቀ ግቢ የማንም ተክል ሀገር አይደለም።

ሌላው ስህተት ተቃራኒው ነው፤ ችግኙን በማዳበሪያ ማጨናነቅ። ሀገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ በአብዛኛው ዩሪያ አይፈልግም። የሚያጣው ምግብ ሳይሆን አየር ነው። ብስባሽ የምንጨምረውም በዋናነት ለመቀለብ አይደለም። አፈሩ ፍርፍር ብሎ እንዲቆም፣ ትሉና ጥቃቅኑ ፍጥረት ሥራ እንዲያገኝ ነው። እነዚያ ፍጥረታትና የሻጋታ ክሮች ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣሉ። ሙጫው የአፈሩን ቅንጣት እያያያዘ ፍርፋሪ ያደርገዋል። በፍርፋሪና በፍርፋሪ መካከል ያለው ክፍተት ነው የአፈር ዓይን።

መጀመሪያ ግቢያችሁን እወቁ

ወጪ የለውም። የአርማታ ብረት ቁራጭ፣ ፌሮ 8 ቢሆን ይበቃል፣ ወስዳችሁ መሬቱ መካከለኛ እርጥበት ሲኖረው በእጃችሁ ግፊት ብቻ ወጉት። የት ላይ እንደሚቆም ምልክት አድርጉ። 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከገባ ደህና ነው። 10 ላይ ከቆመ ችግሩ ከላይ ነው። አንዳንዴ ከላይ ለስላሳ ሆኖ 15 ወይም 20 ላይ ድንገት ይቆማል። ይህ ለዘመናት በማረሻ የታረሰ መሬት ላይ የተለመደ ነው። ማረሻው ሁልጊዜ አንድ ጥልቀት ላይ ስለሚሄድ ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ ይተዋል። የዛሬዎቹ የከተማ ዳር ሰፈሮች ብዙዎቹ ትናንት እርሻ ነበሩ።

ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበትና ሰርጎ እስኪያልቅ ጠብቁ። እንደገና ሙሉት። አሁን ነው ልኬቱ። በሰዓት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ብዙ የሀገር ዛፎች ይስማማቸዋል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መሬቱ ሥራ ይፈልጋል፣ ወይም ተክሉ ከፍ ብሎ መተከል አለበት። እኔ መጀመሪያ ስለካ ማታ የሞላሁት ውሃ በማግስቱ ጠዋት እንዳለ ነበር።

ስትቆፍሩ የሚወጣውንም አስተውሉ። የሲሚንቶ ቁራጭ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ገረጋንቲ፣ ፌስታል። ይህን ሳያስወግዱ ብስባሽ መጨመር ድካም ነው። ሲሚንቶና ኖራ አፈሩን ወደ ኖራማነት ይወስዱታል።

ጥቁር አፈር የራሱ ባሕርይ አለው

ከእንጦጦ ሥር ያለው ቀይ አፈርና ከቦሌ እስከ አቃቂ የተዘረጋው ጥቁር አፈር አንድ ዓይነት ሥራ አይፈልጉም። ጥቁሩን መረሬ የሚለው አለ፣ ዋልካ የሚለው አለ። ሳይንሱ ቨርቲሶል ይለዋል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል።

ሸክላው ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ዓይነት አለበት። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ውስጥ ሸርተት ብሎ ይገባል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል። ሰኔ ላይ ውሃ ሲጠጣ ያየነው መሬት ነሐሴ ላይ ሐይቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰው ይህን አፈር ይጠላዋል። እኔ ግን እየወደድኩት መጥቻለሁ። ቨርቲሶል የሚለው ስም የመጣው «መገልበጥ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ይህ አፈር ራሱን ያርሳል። የላዩ ፍርፋሪ በስንጥቁ ወደ ታች ይወድቃል፣ ክረምት ሲያብጥ ደግሞ የታችኛው ይገፋል። በሰው እግር የተጎዳውን ከዓመት ዓመት በራሱ መሰነጣጠቅ በከፊል ያክማል። እኛ ልናግዘው እንችላለን። ጥርና የካቲት ላይ ስንጥቁ ሲከፈት በደንብ የበሰለ፣ የደረቀ፣ የተነፋ ብስባሽ እየበተንኩ በመጥረጊያ ወደ ስንጥቁ እጠርገዋለሁ። ዶማ በማይደርስበት ጥልቀት ይገባል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ውጦት ይዘጋል። ከምሠራው ሁሉ ቀላሉና ደስ የሚለኝ ሥራ ይህ ነው።

የማያስፈልገው አሸዋ ነው። «ሸክላ ነው፣ አሸዋ ቀላቅልበት» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ጥቂት አሸዋ በብዙ ሸክላ ውስጥ ሲገባ ቅንጣቱ በሸክላው ይዋጣል እንጂ ዓይን አይከፍትም። የምታገኙት ምርጊት ነው። ለውጥ እንዲያመጣ ከአፈሩ ከግማሽ በላይ አሸዋ መሆን አለበት፤ ያን ያህል አሸዋ ገዝቶ ግቢ የሚሞላ ሰው የለም።

ጀሶም እንዲሁ። ጀሶ የሚጠቅመው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው። በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ የሚለማ መሬት ላይ ይህ ችግር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና ጎማ የተጠቀጠቀን ግቢ ግን ጀሶ አይፈታውም።

በጥቁር አፈር ላይ ከሁሉ የሚሻለው ውሃውን ወደ ታች ከማስገደድ ይልቅ ሥሩን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ይህን የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ያውቁታል። እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ጥቁሩን አፈር በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዋል። እህሉ መደቡ ላይ ይቆማል፣ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ ሲሠሩ የተነሱት ከዚህ ዓይነት የገበሬ ዕውቀት ነው። ግቢ ውስጥም ይሠራል። 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ አንድ ሜትር ከሩብ ስፋት። ለወይራ፣ ለኮሶና ለጥድ ያ ከፍታ በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

መክፈት

ቀን መምረጥ ግማሹ ሥራ ነው። አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡ። በጣቶቻችሁ መካከል ስትጨምቁት የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ከሠራ አትንኩት፤ የምትሠሩት ጭቃ ማቡካት ይሆናል። ተጨብጦ በጣት ሲነካ ፍርክስክስ ካለ ጊዜው ነው። ለእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሞ ጥቂት ሲቆይ፣ ወይም በበልግ ካፊያ መካከል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባዶ መሬት ላይ ባትረግጡ ደስ ይለኛል።

ባዶ ግቢ ከሆነ፣ ዛፍ ከሌለበት፣ አንዴ በጥልቀት መክፈት ይገባል። አንዴ ብቻ። ዲጅኖና ዶማ ይዛችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አላሉት፤ ከላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ አልብሳችሁ አብራችሁ ገልብጡ። ጓሉን አታድቅቁት። ልክ እንደ ዱቄት የደቀቀ አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ይጋገራል። ጡጫ የሚያክል ጓል መሀል መሀሉ ቢቀር ውሃና ሥር የሚሄዱበት ክፍተት ይተዋል።

በግንባታ ክፉኛ ለተጎዳ ቦታ ከዚህ የበረታ ዘዴ አለ። በኒውዮርክ ግዛት ያለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የከተማ ዛፍ ተመራማሪዎች የሠሩበት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብስባሽ ላዩ ላይ ያነጥፋሉ። ከዚያ በኤክስካቫተር 45 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት እየዛቁ መልሰው ይደፉታል። ማስተካከል የለም፤ መዛቅና መድፋት ብቻ። ከዚያ በየዓመቱ ላዩን ጉዝጓዝ ያለብሱታል። ለ12 ዓመት ሲከታተሉት አፈሩ ተመልሶ አልጠነከረም፤ እየላላ ነው የሄደው። ልብ በሉ፣ የለወጠው አንዱ ቀን ብቻ አይደለም። በየዓመቱ የሚጨመረው ጉዝጓዝና በውስጡ የሚሄደው ሥር ነው ሥራውን የቀጠለው። ከቤት መሠረት አጠገብ ወይም የውሃ ቧንቧና የመብራት ገመድ ባለበት ቦታ ግን አትሞክሩት።

ዛፍ ካለ ነገሩ ይለያል። ዛፍ ምግብና ውሃ የሚስብበት ቀጭን ሥር አብዛኛው ላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያ ዶማ ማሳረፍ ዛፉን መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ ዲጅኖው ብቻ ይበቃል። ከግንዱ ራቅ ብላችሁ በየ50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ አንድ ቀዳዳ አውጡና ብስባሽ ሙሉበት። እውነቱን ለመናገር ቀዳዳው ከሚያግዘው በላይ የሚያግዘው ከላይ የሚለብሰው ጉዝጓዝ ነው።

ጉዝጓዙ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ደረቅ ሳር፣ የረገፈ ቅጠል፣ የቡና ገለባ፣ የጤፍ ጭድ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ሁሉም ይሆናል። ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ካልሆነ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ሰጋቱራ ላዩ ላይ ሲሆን ችግር የለውም፤ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ግን ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይሻማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቢቀር ይሻላል። ዘይቱ አፈሩን ውሃ እንዳይቀበል ሊያደርገው ይችላል።

ጉዝጓዝ የሚሠራውን ሥራ ለማየት ዝናብ ሲጥል መስኮት ላይ ቁሙ። ጠብታው ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ፍርፋሪውን ይሰባብረዋል። ደቃቁ የአፈር ዱቄት ዓይኑን ይደፍነዋል። ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ጉዝጓዝ ያለበት ላይ ግን ጠብታው ጉልበቱን ሳሩ ላይ ይጨርስና ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል።

ሥር ከዶማ ይበልጣል

የተከፈተ አፈር ባዶውን ከቀረ ተመልሶ ይዘጋል። የሚያቆየው ሥር ነው። ሥር ይገባል፣ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። ቀጣዩ ሥርና ቀጣዩ ዝናብ በዚያ ይገባሉ።

ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ለአንድ ክረምት ጎመንዘር ዝሩ። የእኛው አገር ተክል ነው፣ ዋና ሥሩ ጠንካራ ነው። ጎመኑን በልታችሁ ሥሩን እዚያው ተዉት፤ አትንቀሉት፣ ከላይ ቁረጡት። ቀይ አፈር ላይ ግብጦም ይሆናል። ጥቁር አፈር ላይ ግብጦ ውሃው ስለሚበዛበት አይወደውም። ለጥቁሩ ሰስባንያ የሚባለው ቁጥቋጦ የተሻለ ነው። ውሃ የቆመበትን መሬት ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ናይትሮጅንም ያበረክታል።

ቋሚ ተክል ስትመርጡ ከጠንካራው ጀምሩ። ግራዋ፣ ሰንሰል፣ ግራር። መሀል መሀሉን ሰንበሌጥ ሙሉት፤ የሀገር ሳር ሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። እነዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ኮሶውና ጥቁር እንጨቱ ይምጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ የእጽዋት ዝርያዎች አሉ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ የትም የሌለ ነው። ችግኝ ጣቢያ ሄደን ግን የምንገዛው የታወቁትን አምስት ስድስት የውጭ ዛፎች ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ጉለሌ እጽዋት ማዕከልን አንድ ቀን ሄዳችሁ ብታዩት የሀገሩ ተክል ምን እንደሚመስል በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ችግኙን ስትተክሉ ጉድጓዱን ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱን ጨምሩ፤ የችግኙን አፈር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ። ጠርዙ በዶማ ተልጎ ለስልሶ ከሆነ በዲጅኖ ሸካራ አድርጉት፤ ሥር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ይዞራል እንጂ አይገባም። የምትሞሉበት ያው ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ይሁን። ብስባሹ ከላይ ይልበስ። የእኔ ድስት የተሠራው ይህን ባለማወቅ ነው።

እግርና አሸንዳ

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ሰው ከተራመደበት ከንቱ ነው። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ሰው በተፈጥሮው የት የት እንደሚሄድ ለአንድ ሳምንት ማየት ነበር። ከበር ወደ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት ወደ ልብስ ማስጫ። እዚያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩ። ሌላው ሁሉ የተክል ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ጥግም ተለየላቸው፤ እዚያ ሰርዶ ይበቃል፣ ሰርዶ እግር ይችላል። መደቡ ሰፊ ሲሆን ደግሞ መሀሉን ለማረም መርገጥ ስለሚመጣ ከሁለቱም በኩል እጅ እንዲደርስ ከላይ ያልኩት ስፋት ይበቃል።

የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ ወደ መንገድ የሚሄድ ከሆነ ግማሹን ወደ አትክልቱ መልሱት። ሰፋ ያለ ዝቅ ያለ ቦታ አዘጋጁለት። ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር አይብለጥ። ሰንበሌጥና ሰስባንያ ትከሉበት። ውሃው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ትርፉ የሚወጣበት መውጫ አብጁ። ጥቁር አፈር ላይ ይህን ከቤቱ በጣም አርቁት። የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር ከመሠረት አጠገብ ውሃ ሲጠጣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ከጎረቤት አጥርም እንዲሁ ራቁ።

ለውጡ በአንድ ክረምት አይታይም። በመጀመሪያው ዓመት ሳር ብቻ ነበር የጨመረው። በሁለተኛው ዓመት ስቆፍር የመሬት ትል አገኘሁ፤ ከዚያ በፊት አንድም አላየሁም ነበር። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ማንም ያልዘራው አደይ አበባ በመደቡ ጠርዝ ብቅ አለ። ያንኑ ጉድጓድ እንደገና ቆፍሬ ውሃ ሞላሁት። ከምሳ በፊት የሞላሁት ሲመሽ ገብቶ አልቋል።

አዛውንቱ እንደገና በተረከዛቸው መታ መታ አደረጉት። ምንም አላሉም፤ ዶማቸውን አንስተው ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮሶውን አብረን መልሰን ተከልን፤ መደቡ ላይ፣ አንገቱ ከመሬት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ።